ሐምሌን ኖቬምበር ያለው ሰርቨር

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የቡና መጋዘን ሒሳብ የምትይዝ እህታችን ሐምሌ 13 እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ሒሳባችን ያለው ኡቡንቱ በተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ተዛብቶ 2022 ምናምን ይል ነበር፤ መጋዘን የሚሠራው ልጅ ጠዋት ጠዋት በእጁ ያስተካክለዋል። ትናንት አፕዴት ሳደርግ ‹ፋይሉ ገና አልጸናም፣ 2,805 ቀን ይቀረዋል› አለኝ። ባለሙያ ጠራን፤ ኡቡንቱን ከ22.04 ስሪት ወደ 24.04 ሲያሳድገው መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ገጹን የሚያቀርበው አፓቺም ሒሳቡን የሚያከማቸው ማሪያዲቢም አይነሡም። ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፣ አዲስ ግዙ ተብለናል።»

ዲስኩን አትግዢ፤ ጣጣው ከቀኑና መሃል ላይ ከተቋረጠው ማሳደግ ነው።

2,805ን ለ365 አካፍዪው። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ይሆናል። ይህችን ልዩነት እኛ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር የምናስታውሳት ናት። ልጁ የሚያስገባው የኛን ቀን ነው! ሐምሌ 12 ቀን 2017 ሆኖ ሳለ 12/11/2017 ብሎ ጻፈ፤ ሐምሌ 11ኛ ወር ነዋ። ማሽኑ ደግሞ ኖቬምበር 12፣ 2017 ብሎ ተቀበለው። ትክክለኛው የፈረንጆቹ ቀን ጁላይ 19፣ 2025 ነበር። በሁለቱ መካከል 2,806 ቀን አለ፤ አንዷ የጎደለችው ከኢንተርኔት የወረደው የአፕዴት ዝርዝር ፋይል የተፈረመው አንድ ቀን ቀድሞ ቢሆን ነው። 2022 የሚለውም ምሥጢር የለውም። የማዘርቦርዱ ባትሪ ስለሞተ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል፤ ኡቡንቱን የሚያስነሣው ሲስተምዲ ግን ራሱ ከተሠራበት ቀን ወደኋላ አልሄድም ብሎ እዚያው ያቆመዋል። ልጁም «ገና 2017 ሆነን ይሄ ምን 2022 ይላል?» ብሎ አረመው። አልፈርድበትም።

ባትሪውን ለመቀየር ሳጥኑ ይከፈታል፤ እዚህ ላይ ስሚኝ። መብራት ሄዷልና ኮረንቲ የለም ብለሽ አትክፈቺ። ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ ሳጥን) ላይ የተሰካ ማሽን መብራት ቢሄድም ሕያው ነው፤ መብራቱም ሳይነግርሽ ይመጣል። ገመዱን ከዩፒኤሱም ከግድግዳውም ንቀዪ፣ ከዚያ የማስነሻውን ቁልፍ አሥር ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ፣ ከዚያ ክፈቺ።

የምትፈልጊው ሲአር2032 የሚባለውን ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው። በካርድ ተደርድሮ በርካሽ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከነማሸጊያው ያረጀ ነው፤ ሂርማታ ከገዛኋቸው አምስት ሁለቱ ገና ሳይገቡ ሞተው አግኝቻለሁ። ሻጩ ፊት በመልቲሜትር ለኪ። ከ2.8 በታች ካነበበ እኔ አልቀበልም።

አሁን ትንሽ ልዘብዝብ፤ ይህን ሳላስረዳ ማለፍ አይሆንልኝም። ሊኑክስም ሆነ የዩኒክስ ዘር የሆነ ሁሉ ዓመተ ምሕረትም አያውቅ፣ የፈረንጅ ዘመንም አያውቅ። የሚያውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ በግሪንዊች ሰዓት ከጃንዋሪ 1፣ 1970 እኩለ ሌሊት ወዲህ ስንት ሰከንድ አለፈ? በኛ ሲመነዘር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። በቀን 86,400 እየጨመረ ይሄዳል እንጂ ወር ቢገባ፣ ጳጉሜን ቢመጣ አይሞቀው አይበርደው። ቀንና ዓመት ለቁጥሩ ልብሱ ናቸው፤ ሰው ጋቢ ቢደርብ ኮት ቢለብስ ያው ሰው ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የኛን ካሌንደር ማሳየት ምንም ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የኛን ቀን በፈረንጁ ቦታ ስትጽፊ ነው፤ ያኔ ልብሱ ሳይሆን ሰውየው ይቀየራል፣ ቁጥሩ ራሱ ከ242 ሚሊዮን ሰከንድ በላይ ወደኋላ ይመለሳል። በ2025 የወጣ የድረ ገጽ ሰርተፍኬት በ2017 ለቆመ ማሽን ገና ያልተወለደ ነው፤ አልቀበለውም ቢል ልክ ነው። በነገራችን ላይ ይህን ቁጥር በ32 ቢት የሚይዙ አሮጌ ማሽኖች ጃንዋሪ 19፣ 2038 ይሞላባቸዋል። እሱም ጥር 11 ቀን 2030 ነው፣ የጥምቀት ዕለት ንጋት 12፡14! ሕዝቡ ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ቆሞ ሳለ ማለት ነው። ያንቺው ባለ 64 ቢት ስለሆነ አያሰጋሽም።

ወደ ሥራው። ትእዛዞቹን በስልክ እንደምጠራቸው ነው የምጽፋቸው። በመጀመሪያ፣ ቀኑን ከማስተካከልሽ በፊት፣ አሮጌ ባክአፕ የሚያጠፋ የክሮን (ሰዓቱን ጠብቆ በራሱ የሚሄድ) ሥራ እንዳለ እዪና አስቁሚው። ሰሞኑን የተቀዱት ፋይሎች 2017 የሚል ማኅተም ይዘዋል፤ ቀኑ የተስተካከለ ዕለት የሰባት ዓመት አሮጌ ይመስሉትና ጠራርጎ ያጠፋቸዋል። እንዲህ ሆኖ የስድስት ወር ሒሳብ ሲያልቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀጥሎ ማሪያዲቢ እንደቆመ፣ ቫር ሥር ሊብ ውስጥ ያለውን የማይኤስኪውኤል ማኅደር እንዳለ ውጫዊ ዲስክ ላይ ቅጂው። ከውስጡ ምንም አታጥፊ፤ «የሎግ ፋይሉን ሰርዢው ይነሣል» የሚል ቢመጣ በር ዝጊበት።

ከዚያ ባትሪው ይግባ። ገመዱ ከዩፒኤሱም ተነቅሏል? ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ከኡቡንቱ በፊት የሚከፈተው ቅንብር) ውስጥ የፈረንጁን ቀን በግሪንዊች ሰዓት አስገቢ፤ በኛ ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ 06፡00 ይጻፋል። ሲነሣ «ሱዱ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን አፍሪካ/አዲስ_አበባ»፣ ቀጥሎ «ሱዱ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ትሩ»። አንድ ሰው አውቶማቲክ ሰዓቱን ዘግቶታል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ባይዘጋው ኢንተርኔት እንዳገኘ ራሱን ያርም ነበር።

የባለሙያው ነገር ያናድደኛል። ያ 2,805 ቀን እያለ ማሳደጉ ሊጀመር የሚችለው ፍተሻው ተዘግቶ ነው። የኤፒቲ (የፕሮግራም ጫኙ) ማኅደር ውስጥ «ቼክ-ዴት» የሚለውን ፈልጊ፤ «ፎልስ» ተብሎ ከሆነ መስመሩን አጥፊው። የማከማቻ ዝርዝሩ ላይ «ትረስትድ=የስ» ካለም እሱን ብቻ አጥፊ። ዘበኛው ጮኸ ብሎ ዘበኛውን ማባረር ጥገና አይባልም።

ቀጥሎ «ዲኤፍ -ኤች» ብለሽ ቦታ እንዳልሞላ እዪ፣ ከዚያ «ሱዱ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»። በግማሽ የቀሩትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ይጨርሳል። የቅንብር ፋይል ልቀይር ወይ ብሎ ሲጠይቅሽ ኤን ብለሽ የራስሽን አስቀሪ። ከዚያ «ሱዱ ኤፒቲ --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል»፣ «ሱዱ ኤፒቲ አፕዴት»፣ «ሱዱ ኤፒቲ ፉል-አፕግሬድ»። ይህ ሲሠራ ማሽኑ ዩፒኤስ ላይ ይሁን፣ የዩፒኤሱም ባትሪ የሚይዝ ይሁን። 184 ሜጋዋቱ ግልገል ጊቤ አንድ ከኛ ብዙም ባይርቅ፣ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ለኛ የሚደርሰን ጨለማው ነው።

አፓቺ አሁንም እምቢ ካለ የፒኤችፒ (የድረ ገጽ ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋ) ጣጣ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። 22.04 ይዞት የመጣው 8.1 ነበር፣ 24.04 ደግሞ 8.3 ነው። «አፓቺ2ሲቲኤል ኮንፊግቴስት» ስትዪ የ8.1ን ፋይል አጣሁ ካለሽ «ሱዱ ኤ2ዲስሞድ ፒኤችፒ8.1»፣ «ሱዱ ኤ2ኢንሞድ ፒኤችፒ8.3»፣ ከዚያ አስነሺው። የሒሳቡ ፕሮግራም ከ8.3 ጋር መስማማቱን የሠራውን ሰው ጠይቂ። 2017 ተብለው የተመዘገቡት ደረሰኞች ግን በራሳቸው አይስተካከሉም፤ ከወረቀቱ ጋር እያስተያየሽ በእጅሽ ነው።

ማሪያዲቢ ዲፒኬጂ ሲጨርስ አብሮ ይነሣል ብዬ እጠብቃለሁ። ካልተነሣ «ጆርናልሲቲኤል -ዩ ማሪያዲቢ -ቢ» ከሚያወጣው የመጨረሻዎቹን ሃያ መስመሮች ላኪልኝ፤ ሳጥኑን ግን በድጋሚ የምትከፍቺ ከሆነ ገመዱን ከዩፒኤሱ ንቀዪ።