«ከ1970 በፊት የተገዛ» የሚል ደብዳቤ ልጻፍ?

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የምንከባከባቸው አሮጊት ከማረፋቸው በፊት ሦስት ቀይ የሸክላ ዕቃዎችና ሁለት ትንንሽ የድንጋይ ምስሎች ሰጡኝ። አንደኛው ሸክላ የውሻ ቅርጽ አለው። ሸክላው ከሜክሲኮ ኮሊማ፣ ድንጋዩ ከጌሬሮ ነው ይሉ ነበር። አጫራቹ ድርጅት ወረቀት ጠየቀኝ። ጓደኛዬ «ከ1970 በፊት የተገዛ» የሚል ደብዳቤ እንጻፍ ይላል። ይበቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤው አይበቃም፤ በፍጹም እንዳይጻፍም። ከዚያ በፊት ግን ያልነገሩን ነገር አለ። የአሮጊቷ ልጆች ስጦታውን ያውቃሉ? በጽሑፍ ነው የተሰጠዎት ወይስ በቃል? ይህን መዝለል አልነበረብዎትም። ወራሾች ከተቃወሙ፣ ተንከባካቢ ከሚንከባከበው ሰው የተቀበለው ስጦታ በጥርጣሬ ይታያል፤ ያለ ጫና መሰጠቱን ማስረዳትም በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መጀመሪያ የውርስ ጠበቃ ያነጋግሩ።

ሌላው ሕግ ባጭሩ ይኸው ነው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣችው ሕግ ከስፔኖች መምጣት በፊት የተሠሩ ቅርሶችን በሙሉ የመንግሥት ንብረት አድርጋለች፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያለ ፈቃድ የወጣ ዕቃ እንደ ተሰረቀ ሊቆጠር ይችላል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ደግሞ 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ የተሰረቀ ንብረትን፣ የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ማሻገርን ይቀጣል። ካሊፎርኒያ የምትገኝበት የይግባኝ ፍርድ ቤት ከጓቴማላ ማቻኪላ በተወሰደ የማያ ሐውልት ጉዳይ በ1974 የጥፋተኝነት ውሳኔ አጽንቷል።

ደንበኞች በተደጋጋሚ የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ «እያወቁ» የሚለው ቃል ነው። ዛሬ የእርስዎ መከላከያ አለማወቅዎ ነው፤ ዕቃው መቼ ከሜክሲኮ እንደወጣ በእውነት አያውቁም። የሐሰት ደብዳቤ በጻፉ ዕለት ግን ዐቃቤ ሕጉ «ነገሩ ችግር እንዳለበት ባታውቅ ለምን ፈጠረች?» ይላል። ደብዳቤውን በኢሜይል ከላኩት ደግሞ ራሱን የቻለ የማጭበርበር ወንጀል ይሆናል። 1970 ሕገወጥ የቅርስ ዝውውርን ለመከላከል የዩኔስኮ ስምምነት የጸደቀበት ዓመት ነው። ሙዚየሞችና አጫራቾች መስፈርት አደረጉት እንጂ ከዚያ በፊት የወጣውን ሁሉ ነጻ የሚያደርግ ሕግ አይደለም። ፈጠራው መጋለጡም አይቀርም፦ «1968» የተባለ ደረሰኝ ላይ 310 የሚል የሎስ አንጀለስ አካባቢ የስልክ ኮድ ይገኛል፤ ያ ኮድ ሥራ ላይ የዋለው በ1991 ነው። ባለ አምስት አኃዝ የፖስታ ኮድም ከ1963 በፊት አልነበረም።

ስለዚህ እውነተኛ ማስረጃ ይፈልጉ። ዕቃዎቹ መደርደሪያ ላይ የሚታዩባቸው የድሮ ፎቶግራፎች (ጀርባቸው ላይ የታተመውን ቀን ጭምር)፣ የቤት ዕቃ መድን ዝርዝር፣ የጓዝ አጓጓዥ ድርጅት መዝገብ፣ የጉምሩክ ወረቀት፣ የሜክሲኮ ማኅተም ያለበት የአሮጊቷ ፓስፖርት ይጠቅማሉ። የቤተሰቡን ሰነድ ግን ያለ ወራሾች ፈቃድ አይውሰዱ። ከዕቃዎቹ ሥር የተለጠፈ ወረቀት ካለ አይንቀሉ፤ የያዙትን አፈርም አይጠቡ፤ ሁለቱም ማስረጃ ናቸው።

የእነዚህ ዕቃዎች ቅጂ ገበያውን ሞልቶታል። ሸክላው መቼ እንደተተኮሰ ከሥሩ ጥቂት ዱቄት ተሰርስሮ በላቦራቶሪ ይገመታል። ድንጋዩ ግን እሳት ስላልነካው በዚህ መንገድ አይመረመርም፤ የባለሙያ ዓይን ያስፈልገዋል። ምርመራው ዕድሜውን እንጂ ባለቤትነቱን አይነግርዎትም።

የቅርስ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ሰነዶቹን እስኪያይ ድረስ አይሽጡ፣ በፖስታ አይላኩ፣ በሻንጣም ከአገር አያውጡ። ወረቀት ጨርሶ ካልተገኘ ጠበቃው ዕቃው ለሜክሲኮ ስለሚመለስበት መንገድ ከቆንስላው ጋር ሊነጋገር ይችላል፤ እርስዎ ብቻዎን ደውለው ቃል እንዳይሰጡ።