«ባላንስ» ዕዳም ነው፣ «ሆዴ»ም ሆድ ብቻ አይደለም

ከጎንደር ወጥቼ አሜሪካ ከገባሁ ሃያ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ከአዘዞ፣ ከማራኪ፣ ከአራዳ የመጡ ብዙ ወጣቶችን ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብያለሁ። አብዛኞቹ «እንግሊዝኛ አያስቸግረኝም» ይላሉ። ሲሰናከሉ ያየኋቸው ግን እናውቀዋለን ባሉት ቃል ነው።

1. ወረቀት። ስማችሁ በሁሉም ሰነድ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፍ፤ ቅጂም ያዙ።

2. ቃላት። «ባላንስ» በባንክ ሒሳብ ላይ ያላችሁ ገንዘብ ነው፤ በክሬዲት ካርድ ደብዳቤ ላይ ደግሞ ያለባችሁ ዕዳ። አንድ ወንድማችን 640 ዶላር የሚል ደብዳቤ ይዞ እየሳቀ መጣ፤ ለአባቱ በሬ መግዣ ሊልክ አስቦ ነበር። «ቻርጅ» ስልክ መሙላትም፣ ዋጋ ማስከፈልም፣ በወንጀል መክሰስም ነው። «ራይት» ቀኝ ነው፣ ትክክል ነው፣ መብትም ነው። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ራን» የሚለውን ግስ ብቻ ሲመረምሩ 645 ትርጉም አግኝተውለታል፤ ስለዚህ ሩጫ ብላችሁ አትለፉት።

የሚያስፈራኝ «ፋስቲንግ» ነው። ሐኪም ለደም ምርመራ ሲያዝዘው አብዛኛውን ጊዜ ከምርመራው በፊት ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ከውኃ በቀር ምንም አትቅመሱ ማለቱ ነው። በሕመሟ ምክንያት ንስሐ አባቷ ጠዋት እንድትቀምስ የፈቀዱላት አንዲት እናት በዐቢይ ጾም ለምርመራ ሄደች። «ጾመሻል?» ስትባል «አዎ» አለች። ሥጋና ወተት ከነካች ወር አልፏታል፤ ሽሮ በእንጀራ ግን በልታ ነበር የሄደችው። ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘና መድኃኒት ሊጨመርላት ሲል እኔ ደርሼ ነገርኳቸው።

እባካችሁ ይሉኝታውን ተዉት! ያልገባችሁን «የስ» እያላችሁ ራሳችሁን አትነቅንቁ። ደብተር ግዙና ቃሉን ከነዐረፍተ ነገሩ ጻፉት፤ ብቻውን የተጻፈ ቃል ምንም አይነግራችሁም።

3. ልጆቻችሁ። እዚህ ላይ እቆጣለሁ፤ ያጠፋሁት እኔም ነኝና። ልጄን በዘጠኝ ዓመቷ አስተርጓሚ አደረግኋት። ለባንክ እሷ፣ ለአከራይ እሷ፣ እናቷ ስትታመም ለሐኪሙም እሷ። ስለ ማሕፀን ዕጢ የሰማችውን ለእናቷ በአማርኛ ልትነግር ስትታገል፣ ቃሉ ሲጠፋት፣ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። በአሜሪካ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ጠይቁ! ሕፃን ልጅ የሐኪም አፍ አይደለችም።

እንግሊዝኛዋ ሲያድግ ደስ አለኝ። ቤት ውስጥም በእንግሊዝኛ መለስኩላት፤ እኔም እማርበታለሁ ብዬ። አማርኛዋ ከዕለት ወደ ዕለት ሲመነምን ዝም አልኩ።

በአሥራ አንድ ዓመቷ ለጥምቀት ጎንደር ወሰድኳት። እናቴ አዘዞ ቤቷ ቡና እየቆላች ነበር። ጭሱን በእጇ ወደ ልጅቷ እየሳበች «ነይ ሆዴ፣ ነይ እስቲ አጠገቤ» አለቻት። ልጄ ወደ እኔ ዞራ በእንግሊዝኛ «አያቴን ሆዷን አሟታል?» አለችኝ። እናቴ መቁያውን አስቀምጣ «ምን አለች?» አለች። በእናቴና በልጄ መካከል አስተርጓሚ ሆኜ ቆምኩ። እናቴ ከዚያ በኋላ የኖረችው ሁለት ዓመት ነው።

የእኛም ቃል እኮ ብዙ ነው! ሆድ ሆድ ነው፤ ሆዴ ግን ፍቅር ነው፤ ሆዱ ባሰው ሐዘን ነው፤ ሆደ ሰፊ ታጋሽ ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ ያልደረሰ ነገር። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። የ«ራን»ን 645 ትርጉም ልጆቻችሁ በትምህርት ቤትም በመንገድም ይለቅሙታል። «ሆዴ»ን ግን በዚያ አገር ከእናንተ በቀር የሚነግራቸው የለም። ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት ፊደል ማስቆጠር መልካም ነው፤ አይበቃም። በአማርኛ ተቆጡአቸው፣ በአማርኛ አባብሏቸው፣ በእንግሊዝኛ ሲመልሱላችሁም በአማርኛ ቀጥሉ። ለአገር ቤት ገንዘብ በላካችሁ ቀን ስልኩን ለልጆቹ ስጡ፤ ከአያታቸው ጋር ያውሩ። ሲደናገሩ ቶሎ ገብታችሁ አትተርጉሙ። አያታቸው «ሆዴ» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ እሷ ራሷ ትንገራቸው።