የሰው ጥይት ለምን አይዋስም?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ ለጉብኝትና ለአደን የሚመጡ እንግዶችን በመኪና አመላልሳለሁ። በግንቦት ወር ሁለት የውጭ አገር አዳኞችን ወደ ጨርጨር ደጋ ስወስድ የአንደኛው የጥይት ሻንጣ ዘገየበት። የጠመንጃቸው ዓይነትና የጥይታቸው ቁጥር አንድ ቢሆንም ጓደኛው «ይህን ለራሴ ጠመንጃ በእጄ የሞላሁት ነው» ብሎ አንዲት ፍሬ እንኳ ከለከለው። እኔንም ፓኮውን ከመኪናው መስታወት ሥር ስላስቀመጥኩ ተቆጣኝ። ንፉግነት ነው ወይስ ምክንያት አለው? አያቴ የውጅግራ ቀለሃ እየሞሉ ያድኑ እንደነበር እሰማለሁና፣ የወዳደቀውን ቀለሃ ሰብስቤ ማስሞላት እችል እንደሆነም ቢነግሩኝ።
ከሳቢያን

መልስ፦ ሰውየው አልነፈገም፤ እንዲያውም የጓደኛውን ዓይንና እጅ ነው የጠበቀው። የፋብሪካ ጥይት በቁጥሩ በተሠራ በማናቸውም ጤነኛ ጠመንጃ እንዲጎርስ ታስቦ ይዘጋጃል። በእጅ የሚሞላው ግን ሐረር፣ በልብስ ሰፊዎቹ ጎዳና በመኪና ግርግር፣ እንደሚሰፋ ልብስ በአንድ ባለቤት ልክ የተቀደደ ነው። ቀለሃው ሲተኮስ ናሱ በግፊቱ ተለጥጦ የዚያን ጠመንጃ የውስጥ ቅርጽ ይይዛል፤ ብዙ አዳኞችም መልሰው ሲሞሉት አንገቱን ብቻ አጥብበው ገላውን እንደተለጠጠ ስለሚተዉት፣ በሌላ ጠመንጃ አልገባም ሊል ይችላል። እርሳሱ፣ ማለትም ተተኩሶ የሚሄደው የጥይቱ ጫፍ፣ ከቀለሃው የሚወጣበት ርዝመትም የሚወሰነው በበርሜሉ ውስጥ ጠመዝማዛው ቦይ የሚጀምርበት ቦታ ተለክቶ ነው፤ ቦዩ ቀረብ ብሎ በሚጀምርበት በሌላ በርሜል ያው እርሳስ ገና ሳይተኮስ ከቦዩ ጋር ይጣበቅና ግፊቱን ከልክ በላይ ሊያንረው ይችላል።

ከሁሉ የሚብሰው የባሩዱ መጠን ነው። የሚመዘነው በግሬይን ሲሆን፣ አንድ ግሬይን 0.065 ግራም ያህል ነው። ጠንቃቃ አዳኝ የባሩዱ አምራች ካወጣው ጣሪያ አንድ አሥረኛ ያህል ዝቅ ብሎ ይጀምርና፣ ግማሽ ግሬይን እንኳ በማይሞላ እርከን እየጨመረ፣ በየእርከኑም ጥቂት እየተኮሰ፣ ጥይቶቹ ተቀራርበው የሚያርፉበትን መጠን ይፈልጋል፤ መዝጊያውን መክፈት ሲከብደው ወይም ከቀለሃው ቂጥ ሆና ባሩዱን የምታቀጣጥለው የመለኮሻዋ ፊት ተጠፍጥፎ ሲያይ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ድካም ፍጥነት ለመጨመር ይመስላል፤ ዋናው ግን ፍጥነቱን ከጥይት ጥይት ማመሳሰል ነው። በሰከንድ 820 ሜትር የሚወጣ ጥይት 15 ሜትር ቢጎድልበት በ500 ሜትር ርቀት አንድ ጋት ያህል ዝቅ ብሎ ያርፋል። ዒላማው ከሸለቆ ማዶ የቆመ የደጋ አጋዘን ከሆነ፣ አንድ ጋት ማለት እንስሳው ቆስሎ ጫካ ገባ ማለት ሊሆን ይችላል።

የመስታወቱን ነገር ለድሬዳዋ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ብዙው የባሩድ ዓይነት ሲሞቅ ፈጥኖ ይነድዳል፣ ግፊቱም ከፍ ይላል። ሰውየው መጠኑን ያወጣው በአገሩ ብርድ ከሆነና ሙሌቱም ከጣሪያው አጠገብ ከሆነ፣ በግንቦት ፀሐይ መስታወት ሥር የዋለው ያው ጥይት ጣሪያውን ሊያልፍ ይችላል። ሙቀት የማይለውጣቸው የሚባሉ ባሩዶችም አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ለውጡ ያንስባቸዋል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ወደፊት ፓኮውን በጨርቅ ጠቅልለው ከወንበር ሥር፣ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት። (ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ድሬዳዋ ወደ ደጋው ሲወጡ አየሩ ስለሚሳሳ ጥይቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ማረፉ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን አዳኙ በመነጽሩ ያስተካክለዋል።)

አያትዎ የሞሉት ውጅግራ በፈረንጆች 1874 የወጣው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ሲሆን፣ የሚተኩሰውም በጥቁር ባሩድ ነበር። ጥቁር ባሩድ ቀለሃውን ሞልቶም ኃይሉ የተወሰነ ስለነበር ትንሽ ስሕተትን ይችል ነበር። በ1886 ከወጣው ከሌላው የፈረንሳይ ጠመንጃ ከለበን ወዲህ የተለመደው ጭስ አልባ ባሩድ ግን እጅግ የበረታ ስለሆነ፣ በዚያው ስፍር የሞላው ሰው ጠመንጃውን ፊቱ ላይ ሊያፈነዳ ይችላል። ከዚህም ሌላ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራትን ይከለክላልና ሐሳቡን ይተዉት። ቀለሃውን ግን ለቅመው ለባለቤቱ ይስጡት፤ በጠመንጃው ልክ የተለጠጠ ስለሆነ አገሩ ሲገባ እንደገና የሚሞላው እሱኑ ነው።