ለየብቻ ያምራል፣ አብረን ስንመታ ይፈርሳል ላልከው

ወንድሜ፣ አምስት ጄምቤ (በእጅ የሚመታ የምዕራብ አፍሪካ ከበሮ) እና አንድ ዱንዱን (በዱላ የሚመታ ወፍራም ድምፅ ያለው ከበሮ) ይዛችሁ «ሁላችንም ክፍላችንን እናውቃለን፣ አብረን ስንመታ ግን እየፈጠነ ይፈርሳል» ብለሃል። እኔ እጃችሁ ላይ ችግር አይታየኝም። በጊኒና በማሊ ማሊንኬዎች ዘንድ የምቱን ዜማ የሚይዙት ዱንዱኖቹ ናቸው፤ ትንሹ ኬንኬኒ፣ መካከለኛው ሳንግባን፣ ትልቁ ዱንዱንባ። ጄምቤው እነሱ ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ሁለት ሰው ከጄምቤ ይነሳና ዱንዱን ይያዝ። ከበሮው ባይኖራችሁም ባልዲ ይበቃል።

ከዚያ ኬንኬኒው ብቻውን ይጀምር። ሲረጋ ሳንግባኑ ይግባ። የቀራችሁት እጃችሁን ሰብስባችሁ የሳንግባኑን ዜማ በአፍ በሉት፣ በእግራችሁም ምቱን ጠብቁ። ቀጥሎ የራስህን ክፍል እየመታህ የሱን በአፍህ ለማለት ሞክር። እኔን ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ እጄ አፌን እየተከተለ አስቸገረኝ።

ፍጥነቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ጥፊውን፣ ማለትም የጄምቤውን ስል ምት፣ አጥብቆ የሚመታው ሰው ነው። ኬንኬኒው ካልተሰማህ አንተ ጮኸሃል ማለት ነው፣ ቀንስ። የመሪውን ጥሪም፣ ማለትም ጀምሩ ወይም አቁሙ የሚለውን የከበሮ ምልክት፣ ለብቻው ተለማመዱት። እኛ ጋ ግማሹ ሲያቆም ግማሹ ይቀጥል ነበር!