ኳሱን አቋርጠው ቶርኔዶ ያሳዩናል

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ኳሱ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የአካባቢያችን ጣቢያ አቋርጦ የቶርኔዶ ካርታ ደቀነብን። እኛ ሰፈር ግን ጠብታ ዝናብ እንኳ አልወረደም። እኛን ለምን ይቀጡናል?
ኳስ ወዳዱ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። እጅጌውን ጠቅልሎ አንዲት ቀይ ነጥብ ላይ ደጋግሞ የሚጠቁመው የጣቢያው የአየር ሁኔታ ዘጋቢ እኔንም ያናድደኛል። ግን ማስጠንቀቂያውን የሚያወጣው እሱ አይደለም፤ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ካውንቲውን (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) በሙሉ ሳይሆን አደጋው የሚያልፍበትን ቦታ ብቻ ከልሎ ያስጠነቅቃል። ጣቢያው ግን በአንድ ስርጭት ብዙ ካውንቲ ያዳርሳል። ላንተ ኳስ፣ ለጎረቤትህ አውሎ ነፋስ መርጦ አይልክም። አንዳንድ ጣቢያዎች ጨዋታውን ወደ ንዑስ ቻናል ያዞሩታል፤ እስቲ ሪሞቱን ነካ ነካ አድርገው።

በዚያው በኦክላሆማ፣ ሙር ከተማን ሜይ 20 ቀን 2013 የመታው ቶርኔዶ መሬት የነካው ማስጠንቀቂያው ከወጣ ከ16 ደቂቃ በኋላ ነው። እንዲያም ሆኖ 24 ሰው ሞቷል። ስለዚህ "ዎች" (ቶርኔዶ ሊነሳ ይችላል) ካሉ ኳስህን እያየህ ጆሮህን ጣል አድርግ። "ዋርኒንግ" (ቶርኔዶ ታይቷል ወይም በራዳር ተለይቷል) ብለው ያንተን ሰፈር ከጠሩ ግን ውጤቱን ነገ ትሰማዋለህ፤ ምድር ቤት ውረድ፣ ከሌለህ መስኮት የሌለው ክፍል ግባ።