በእንግሊዝ የቪክቶሪያ ዘመን የቤት ሠራተኛን በመዝገብ መከታተል፦ ጥያቄና መልስ

ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ መዝገቦቹ የእንግሊዝና የዌልስ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የባለቤቴ አያት እናት ለንደን ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር ይባላል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከመጨረሻ ዘመኗ ጀምረሽ ወደ ኋላ ሂጂ። እዚያ አገር ሴት ስታገባ የባሏን ስም ትይዛለች፤ እንደኛ በአባቷ ስም አትቀጥልም። ቤተሰቡ የሚያስታውሰው ስም የባሏ ነው፤ በሠራተኝነቷ ዘመን የተጻፈችው ግን በአባቷ ቤተሰብ ስም ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። ምዝገባው ከተጀመረበት ከጁላይ 1 ቀን 1837 ወዲህ የሙሽራዋን አባት ስምና ሥራ ይዟል። የሙሽራዋ ሥራ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ቢሆን ሥራ አልነበራትም አትበይ፤ ብዙ ቄሶች የሴትን ሥራ አይጽፉም ነበር።

ጥያቄ፦ የ1881 የሕዝብ ቆጠራ ላይ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው አምስት ሠራተኞች አገኘሁ። የእኔ የትኛዋ ናት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቅጹን ማን እንደሞላው አስብ። የሞላው የቤቱ ጌታ ነው። የገረዲቱን ዕድሜና የትውልድ ቦታ የጻፈው በሚያውቀው ወይም በመሰለው ልክ ነው። ከ1911 በፊት ደግሞ ያ ቅጽ ራሱ አልተረፈም፤ የምናነበው ቆጣሪው ወደ ደብተሩ የገለበጠውን ነው። ስህተት የሚገባበት በር ሁለት ነው ማለት ነው። ከአንዲት መንደር የመጣች ልጅ በአቅራቢያው ባለው ከተማ ትጻፋለች። ሜሪ በቁልምጫ ፖሊ፣ ኤለን ኔሊ፣ ኤልዛቤት ቤትሲ ሆና ትገኛለች። የቀድሞዋን ሠራተኛ ስም ለአዲሷ የሚሰጡ ቤቶችም ነበሩ።

አሁን ሂሳቡን ሥራ። ቆጠራው የተደረገው ኤፕሪል 3 ቀን 1881 ነው። 18 ዓመቷ ከተባለ የተወለደችው ከኤፕሪል 4 ቀን 1862 እስከ ኤፕሪል 3 ቀን 1863 ባለው ጊዜ ነው። 1881 ላይ 18 ቀንሶ 1863 ብቻ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ዓመት ይዘላል። ልደት በ42 ቀን ውስጥ ይመዘገብ ስለነበር በሩብ ዓመት ከተከፈለው የልደት ማውጫ አምስት ሩብ ዓመቶች እይ፦ ከ1862 ሁለተኛ ሩብ እስከ 1863 ሁለተኛ ሩብ። ካጣህ በፊትም በኋላም ሁለት ሁለት ዓመት ጨምር። ማውጫውን የመዝገቡ ጠቅላይ ጽሕፈት ቤት ካዘጋጀው አዲሱ ላይ ፈልግ፤ እሱ የእናትን የልጅነት ቤተሰብ ስም ከ1837 ጀምሮ ይሰጣል፤ የድሮው ይህን የጀመረው በ1911 ነው።

ከዚያ አምስቱንም በአንድ ወረቀት ላይ ደርድርና አንድ በአንድ ጣል፦ በሕፃንነቷ የሞተች፣ ከ1881 በፊት ያገባች፣ በዚያው ምሽት እናቷ ቤት የተቆጠረች። የቀረችውን በ1871 ወላጆቿ ቤት ፈልጋት። የዚያን ጊዜ መረጃውን የሰጠው አባቷ ወይም እናቷ ስለሆነ፣ ከጌታዋ ቃል ጋር ሲጋጭ እኔ የወላጆቿን አምናለሁ። እህቶቿንም አትተው፤ ታላቂቱ ታናሿን ወደ ሠራችበት ሰፈር ማስገባቷ የተለመደ ነበር።

የ1841 ቆጠራ ላይ ከሆንክ ግን ልብ በል፦ ከ15 በላይ ያለ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ወደ ታች በአምስት ተጠጋግቷል፤ የ24 ዓመቷ 20 ተብላ ታገኛታለህ። የትውልድ ቦታም በዚያው አውራጃ ነው አይደለም፣ ወይም ስኮትላንድ፣ አየርላንድ ወይም ውጭ አገር ነው ከማለት አያልፍም።

ጥያቄ፦ ወላጆቿ ቤት ሆና «የቤት ሠራተኛ» ተብላለች። ለወላጆቿ ተቀጥራ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የዝምድናው ዓምድ «ልጅ» ካለ፣ በሁለት ሥራ መካከል ቤቷ ተመልሳለች ወይም ውላ ትገባ ነበር። «ነርስ» የሚለውም ብዙውን ጊዜ ሞግዚት ማለት እንጂ የሆስፒታል አይደለም።

ጥያቄ፦ ደመወዟ ወይም የምስክርነት ደብዳቤዋ ይገኛል?

መልስ፦ ባለ ትልቅ ርስት ቤት ከሠራች የአውራጃው መዝገብ ቤት የደመወዝ ደብተሩን ይዞት ይሆናል። አብዛኞቹ ግን ብቻቸውን ወይም ሁለት ሆነው በትንንሽ ቤቶች ነበሩ፤ ከዚያ የተረፈ ወረቀት የለም ማለት ይቻላል። በ1861 ሁሉን ሥራ ብቻዋን የምትሠራ ገረድ በዓመት ከ9 እስከ 14 ፓውንድ ገደማ ታገኝ ነበር። ሌላ መንገድ የአሠሪዋ ኑዛዜ ነው። ከጃንዋሪ 12 ቀን 1858 ወዲህ ለአገሩ ሁሉ አንድ ማውጫ አለ፤ የጌታዋን ስም ከቆጠራው ወስደሽ ፈልጊ። ለረጅም ጊዜ ላገለገለች ሠራተኛ ጥቂት ገንዘብ የሚተዉ ነበሩ።

ጥያቄ፦ የልጇ የልደት ወረቀት ላይ የአባት ስም ባዶ ነው።

መልስ፦ ያላገቡ ከሆነ ከ1875 ወዲህ አባትየው ራሱ ቀርቦ ካልፈረመ አይጻፍም ነበር። የልጁን መካከለኛ ስም እይ፤ የቤተሰብ ስም ከመሰለ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ከ1844 ጀምሮ እናትየው ለአካባቢው ዳኞች የቀለብ አቤቱታ ማቅረብ ትችል ስለነበር የዚያን ችሎት መዝገብ አስመርምሪ። ያረገዘች ሠራተኛ ከሥራ ስለምትባረር የድሆች መጠለያውን የገቡና የወጡ ሰዎች መዝገብም ጠይቂ።

ጥያቄ፦ በ1891 ቆጠራ ላይ የለችም።

መልስ፦ ምናልባት አለች። የቤተሰብ ስሙን ተወውና በመጠሪያ ስሟ፣ በዕድሜዋና በትውልድ ደብሯ ብቻ ፈልግ። ጽሑፉን ወደ ኮምፒዩተር ያስገባው ሰው የ«ከላይ እንዳለው» ምልክት አይቶ የጌታዋን ስም ሰጥቷት ይሆናል። ካልሆነ የአሠሪዋን ቤተሰብ ባሕር ዳርቻ ባሉ የመዝናኛ ከተሞች ፈልግ፤ ሞግዚቷን ይዘው ይሄዱ ነበር።