የእናትሽ እቁብና የማክቡኩ 15 ሰዓት

ሰላም እህቴ፤

ደብዳቤሽ ውስጥ ብዙ ጥያቄ አለ። እኔን ያልለቀቀኝ ግን ይህ መስመር ነው፦ «እማዬ እቁቧ ደርሷታል፤ ሙሉውን ውሰጂና መብራት ቢጠፋም የማይዘጋብሽን ላፕቶፕ ግዢ ብላኛለች።» ይህን ካነበብኩ በኋላ ወረፋ የያዙትን ደብዳቤዎች አቆይቼ ላንቺ ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ጠያቂዬ ባሕር ዳር የምትኖር የሶፍትዌር ምሕንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የምትሠራው በፓይተን የባክኤንድ ሥራ ነው፤ ማለትም ተጠቃሚው የማያየውን፣ ሰርቨር ላይ የሚሮጠውን የፕሮግራም ክፍል። የቅጥር ፈተናውም ቃለ መጠይቁም ኦንላይን ሆኗል፤ በሠፈሯ ደግሞ በሳምንት ሦስት አራት ቀን መብራት ይጠፋል። ሦስት ላፕቶፖች አይታለች፦ ያገለገለ ማክቡክ ኤር ኤም1፣ ያገለገለ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 እና ወንድሟ የወደደው አዲስ የጌም ላፕቶፕ። የቴሌግራም ሻጩ ሦስቱም ከ10 ሰዓት በላይ ቻርጅ ይይዛሉ ብሏታል። ቨርጂኒያ ያለው አጎቷ «ማክ ካልሆነ አትግዢ» ይላል። ማኩ የቲንክፓዱን ዋጋ እጥፍ ይበልጣል። የትኛውን ልግዛ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙስ (ማክኦኤስ፣ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ) የባትሪውን ዕድሜ ይለውጣል ወይ ብላ ጠይቃኛለች።

ይህ ጉዳይ ለምን እንደሚቆረቁረኝ ልንገርሽ። እኔም ተመርቄ ሥራ ስፈልግ እናቴ በእቁብ ገንዘቧ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታልኛለች። ሻጩ «6 ሰዓት ይይዛል» ብሎን ነበር። የመጀመሪያው የቅጥር ፈተናዬ ላይ መብራት ሄደ፤ ላፕቶፑ 38 በመቶ እያሳየ በድንገት ጠፋ። ፈተናው በዚያው ቀረ፤ እናቴ ግን የቀሩትን የእቁብ ዙሮች ከፍላ ጨርሳለች። ከዚያ በኋላ ወደ ሙያ ምክር እስክገባ ድረስ ስድስት ዓመት በላፕቶፕ ጥገና ሠርቻለሁ። ስለ ባትሪ የማውቀውን ያወቅሁት እዚያ ነው፤ የምጽፍልሽም ከዚያው ነው።

አንድ ላፕቶፕ ብቻውን የሚይዘው የራሱ «ሰዓት» የለውም። ባትሪው የሚያጠራቅመው ጉልበት በዋት-ሰዓት ይለካል፤ ቁጥሩ ባትሪው ላይ ተጽፏል። ኮምፒውተሩ የሚበላው ደግሞ በዋት ይለካል። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስታካፍዪው ሰዓቱ ይወጣል። 50 ዋት-ሰዓት ያለው ባትሪ፣ ማሽኑ 5 ዋት እየበላ ከሆነ 10 ሰዓት ይሄዳል፤ 20 ዋት እየበላ ከሆነ 2 ሰዓት ተኩል። ባትሪው ያው ነው፤ የተለወጠው ሥራው ነው። ስለዚህ ሻጩ 10 ሰዓት ሲልሽ «ምን እየሠራሁበት?» ብለሽ ጠይቂው።

አሁን ሦስቱን በዚህ ሂሳብ እንያቸው።

አፕል ማክቡክ ኤር ኤም1ን በ2020 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ በዋይፋይ ድረ ገጽ ለማሰስ እስከ 15 ሰዓት፣ ፊልም ለማየት እስከ 18 ሰዓት ብሏል። ባትሪው 49.9 ዋት-ሰዓት ነው። ስታካፍዪው ድረ ገጽ ሲያስስ የሚበላው 3.3 ዋት ገደማ ብቻ ይሆናል። ይህ በጣም የሚደነቅ ነው። ካየሻቸው ሦስቱ መካከል ከአንዲት ዋት ብዙ ሥራ የሚያወጣው እሱ ነው፤ በዚህ ማንም ሊከራከረው አይችልም። ነገር ግን ያ ሙከራ የተካሄደው የስክሪኑ ብርሃን መሃል አካባቢ ላይ ሆኖ፣ ቀላል ሥራ ብቻ እየተሠራበት ነው። አንቺ ዶከር (ፕሮግራሞችን ከሚያስፈልጋቸው ነገር ጋር ለየብቻ አሽጎ የሚያስኬድ መሣሪያ) ታስነሻለሽ፣ ዳታቤዝ ታስኬጃለሽ፣ ከጎኑ ክሮም ላይ ሃያ ገጽ ትከፍቻለሽ። ዶከር ማክ ላይ ለመሥራት ውስጡ ሌላ ሊኑክስ ማስነሣት አለበት፤ ሊኑክስ ላይ ግን በቀጥታ ይሠራል። የማኩ ፍጆታ ያን ጊዜ 3 ዋት ላይ አይቆይም። እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ ኮድ ሲገነባ ደግሞ ከዚያም በላይ ይሆናል። አዲስም አይደለም፤ ባትሪው ብዙ ተሠርቶበታል።

ቲ480 በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የኢንቴል ማሽን ነው። በእጄ ያለፉት ቀላል ሥራ ላይ ከ6 እስከ 8 ዋት ይበሉ ነበር፤ ማለትም የማኩን እጥፍ። ግን ሁለት ባትሪ አለው። የውስጡ 24 ዋት-ሰዓት ነው። ከኋላ የሚሰካው ደግሞ 24፣ 48 ወይም 72 ነው፤ ከ24 የሚበልጡት ከሥሩ ወጣ ስለሚሉ በዓይንሽ ትለያቸዋለሽ፤ 48 ይሁን 72 ግን ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቢ። ከትልቁ ጋር በጠቅላላው 96 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ለ8 ስታካፍዪው 12 ሰዓት። ከትንሹ ጋር ግን ጠቅላላው 48 ብቻ ነው፤ 6 ሰዓት ይወጣዋል። ሻጮች ሁሉንም «ቲ480» ብለው በአንድ ስም ያስተዋውቃሉ፤ ሳትጠይቂ ከገዛሽ ግማሹን ሰዓት ልታጪ ትችያለሽ። የኋላው ባትሪ ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ ይነቀላል፤ የውስጡ ሥራሽን ሳይቋረጥ ይይዘዋል። ሲያረጅም ራስሽ ትቀይሪዋለሽ፤ ጠጋኝ አያስፈልግሽም። የማኩ ባትሪ ግን ውስጡ በማጣበቂያ የተያዘ ነው፤ ራሙም ሃርድ ዲስኩም ቦርዱ ላይ ተበይደዋል። ቲ480 ላይ ራምና ዲስክ በዊንዳይ ይቀየራሉ።

የወንድምሽ የጌም ላፕቶፕ ሲሰካ ፈጣን ነው። ባትሪው ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 70 ዋት-ሰዓት ነው፤ የግራፊክስ ካርዱ ከነቃ ግን 20 ዋት በቀላሉ ይበላል። ሦስት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ለእሱ ጥሩ ነው፤ ላንቺ አይሆንም።

ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የጠየቅሽው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው አይጠይቀውም። አፕል እንደ ኤም1 ያለ የራሱን ቺፕ ማክ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት፣ በኢንቴል ዘመን፣ ማክቡክ ላይ ቡት ካምፕ በሚባለው የአፕል ፕሮግራም ዊንዶውስ የሚጭኑ ነበሩ። ያው ማሽን፣ ያው ባትሪ፤ በዊንዶውስ ግን በግልጽ ቶሎ ያልቅ ነበር። ሁለት የግራፊክስ ቺፕ በነበራቸው ማክቡክ ፕሮዎች ላይ ዊንዶውስ ሁልጊዜ የሚጠቀመው ብዙ የሚበላውን ቺፕ ነበር፤ ማክኦኤስ ግን ሥራው ቀላል ሲሆን ወደ ትንሹ ይመልሰዋል። የባትሪ ዕድሜ ብረቱና ሶፍትዌሩ ሲግባቡ የሚገኝ ነገር ነው። አፕል ሁለቱንም ራሱ ስለሚሠራ ይሄ ይቀለዋል።

ቲ480 ላይስ ዊንዶውስ ይሻላል ወይስ ሊኑክስ? ኮድ ለመጻፍና ለማንበብ ሊኑክስ ከዊንዶውስ አያንስም፤ ከበስተጀርባ የሚሮጠው ጥቂት ነው። ቲኤልፒ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫኚበት፤ ፍጆታውን ይቀንሳል፣ ባትሪው 80 በመቶ ላይ መሙላት እንዲያቆምም ታዢዋለሽ። ኢንቴል የሠራው ፓወርቶፕ ደግሞ የትኛው ፕሮግራም ጉልበትሽን እንደሚበላ ያሳይሻል። ሊኑክስ የሚሸነፈው ቪዲዮ ላይ ነው። ብሮውዘሩ ቪዲዮውን በግራፊክስ ቺፑ ካልፈታው ፕሮሰሰሩ ይሸከመዋል፤ ፋኑ ይጮኻል፣ ባትሪው ይወርዳል። ቃለ መጠይቅሽ ደግሞ ቪዲዮ ነው! ስለዚህ ከቃለ መጠይቁ ቀን በፊት አንድ ሰዓት የቪዲዮ ጥሪ ከጓደኛሽ ጋር አድርጊና ስንት በመቶ እንደወረደ ጻፊ። ዊንዶውስም ከፈለግሽ ፕሮሰሰሩ 8ኛ ትውልድ መሆኑን አረጋግጪ፤ ዊንዶውስ 11 ከዚያ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከጥቂቶች በስተቀር አይቀበልም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ሱቅ ስትሄጂ ይህን አድርጊ። ዊንዶውስ ከሆነ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈቺና «ፓወርሲኤፍጂ» (powercfg) ብለሽ ጻፊ፤ ክፍተት ተዪ፣ ወደ ቀኝ ያዘመመውን ጭረት አድርጊ፣ «ባተሪሪፖርት» (batteryreport) የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል አያይዘሽ ጻፊ። የሚወጣው ፋይል ውስጥ ሁለት ቁጥር ፈልጊ፦ ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዘው የነበረው መጠንና አሁን ሲሞላ የሚይዘው። ቲ480 ላይ ለሁለቱም ባትሪዎች ለየብቻ ታገኚያለሽ። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው 80 በመቶ በታች ከሆነ አዲስ ባትሪ የምትገዢበትን ከዋጋው አስቀንሺ። ማክ ላይ በሴቲንግ ውስጥ የባትሪ ጤና የሚለውን በመቶኛ ያሳይሻል፤ የሲስተም መረጃው ውስጥ ደግሞ ስንት ዙር እንደሞላ አለ፤ አንድ ዙር ማለት የባትሪውን ሙሉ መጠን አንዴ መጠቀም ነው። አፕል ለዚህ ማሽን ያስቀመጠው ገደብ 1000 ዙር ነው።

ሪፖርቱን ብቻ አምነሽ አትግዢ። አስመስሎ የተሠራ ባትሪ ተገጥሞለት ቁጥሩ የሚያምር ማሽን ብዙ ጠግኛለሁ። ቻርጀሩን ንቀዪ፣ የስክሪኑን ብርሃን ቤት የምትጠቀሚበት ያህል አድርጊ፣ ቪዲዮ ክፈቺና 30 ደቂቃ ቁጭ በዪ። 8 በመቶ ከወረደ 6 ሰዓት ገደማ ይይዛል ማለት ነው። ከ40 ወደ 15 በአንዴ ከዘለለ ትተሽው ውጪ። ሻጩ ግማሽ ሰዓት ካልፈቀደልሽ ሌላ ሱቅ አለ።

አሁን ወደ እቁቡ። ገና ስምንት ዙር ይቀረዋል ብለሻል። እንግዲያው እናትሽ የያዘችው ገንዘብ ቁጠባ አይደለም፤ ስምንት ጊዜ ከጉልት ትርፏ የምትከፍለው ዕዳ ነው። አንቺ ሥራ ብታገኚም ባታገኚም ትከፍለዋለች። እሷ ብትሰጥሽም ሙሉውን መውሰድ የለብሽም፤ ይህን በቀጥታ የምነግርሽ ሌላ ሰው ስለማይነግርሽ ነው። ለቲ480ው የሚበቃውን ብቻ ውሰጂ። የቀረውን ለሚቀሩት ዙሮች ታስቀምጠው። ስትቀጠሪ መጀመሪያ የምትመልሺው የእሷን ነው፤ ይህንንም ከመግዛትሽ በፊት በቃልሽ ንገሪያት።

አጎትሽ ማክ ልኮልሽ ከሆነ ተቀበዪ፣ አመስግኚው፤ ከምመክርሽ ቲንክፓድ የሚሻልበት ብዙ ቦታ አለ። እሱ ግን የላከው ምክር ነው፤ ሂሳቡን የምትከፍለው እህቱ ናት። ይህን በአክብሮት ልታስረጂው ይገባል። መርዳት ከፈለገ አንድ ትክክለኛ የቲ480 ባለ 72 ዋት-ሰዓት ባትሪ በመንገደኛ ይላክልሽ። ከ100 ዋት-ሰዓት በታች ስለሆነ አየር መንገዶች ያሳልፉታል፤ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ እንዳይሆን ብቻ ንገሪው።

ማንም ያልነገረሽ አንድ ነገር አለ፦ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል። 15 ሰዓት የሚይዝ ላፕቶፕ ታቅፈሽ ኢንተርኔት ሳይኖርሽ ትቀመጫለሽ። ለቃለ መጠይቅ ቀን ስልክሽን ሙሉ ቻርጅ አድርጊ፣ የሞባይል ዳታ ግዢ፣ ሆትስፖቱን ቀድመሽ ሞክሪ፤ ሠፈራችሁ ኔትወርኩም የሚደክም ከሆነ መብራት ያለበት ዘመድ ቤት ከዋዜማው አስፈቅጂ። መብራቱ ሲመለስም ወዲያው አትሰኪ። ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል ብዙ ቻርጀር ሲያቃጥል አይቻለሁ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ፣ ከተቻለ በስታብላይዘር በኩል ይሁን።

ማክ የሌለው አይቀጠርም የሚሉሽን ጓደኞችሽን አትስሚ። ማክ የግድ የሚሆነው የአይፎን መተግበሪያ ለሚሠራ ነው፤ ያንቺ የፓይተን ኮድ በመጨረሻ የሚሮጠው ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው።

አባትሽ ስላሉሽ የባንክ ሥራ፦ አመልክቺ። ደሞዝ እያለሽ የፕሮግራመር ሥራ መፈለግ ያለ ደሞዝ ከመፈለግ ይቀላል።

እንግሊዝኛሽ ከደብዳቤሽ እንዳየሁት ከምታስቢው ይሻላል፤ በየቀኑ የሠራሽውን ኮድ ለአሥር ደቂቃ ጮክ ብለሽ በእንግሊዝኛ አስረጂ።

ሱቅ የምትሄጂው ጠዋት ይሁን፣ ወንድምሽም አብሮሽ ይሂድ። ሪፖርቱ ላይ ያሉትን ቁጥሮችና በ30 ደቂቃ የወረደውን መቶኛ ጽፈሽ ላኪልኝ። ሳላየው አትክፈዪ።